ከሬቲና በስተ ጀርባ የሚገኘው ተሸካሚ ንብርብር፤ የምርመራው ታሪክ ከ1876 እስከ 2017

መግቢያ

ዓይን እንዴት እንደሚያይ የመረመሩና የጻፉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ያተኰሩት በሁለት ነገሮች ላይ ነበር፤ ይኸውም ብርሃንን ሰብስቦ በሚያሳርፈው ሌንስ ላይና ብርሃኑን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል በሚልከው፥ ሬቲና በተባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ከሬቲና በስተ ጀርባ ተጠግቶ ስለሚገኘውና ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ ስለ ሆነው ጥቁር ንብርብር ግን ለረጅም ዘመን የተነገረው ጥቂት ነው። መልኩ ጥቁር ስለ ሆነ፥ ትርፍ ብርሃን ወዲያና ወዲህ እንዳይንጸባረቅ የሚያግድ መጋረጃ ነው፤ ሬቲናንም ደግፎ ይይዛል ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ዛሬ የምናውቀው ከዚህ የሰፋ ነው። ይህ ንብርብር ከደም የመጣውን ምግብ ለሬቲና ያቀብላል፤ ብርሃን ያደከመውን ቀለም ያድሳል፤ አርጅቶ የወደቀውን ክፍል ያነሣል፤ ትርፉን ውሃ ወደ ደም ይመልሳል። እነዚህ ተግባሮች አንድ በአንድ የታወቁት ከ1876 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች በተደረገ ምርመራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምርመራውን ታሪክ በቅደም ተከተል ማቅረብ ሲሆን፥ ልናስረዳው የምንፈልገውም ዋና ነጥብ ይህ ነው፤ ሊቃውንት የአንዳንድ ዕውርነትን ምክንያት በሚያየው ሕዋስ ውስጥ ሲፈልጉ ኖረው፥ በመጨረሻ ያገኙት የሚያየውን ሕዋስ በሚያገለግለው ጎረቤቱ ዘንድ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

የንብርብሩ አቀማመጥ

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ንብርብሩ የሚገኝበትን ስፍራ እንመልከት። ብርሃን ተቀባይ የሆኑት ሕዋሳት የሚገኙት በሬቲና የኋለኛው ጠርዝ ነው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ቀጥ ያለ ዘንግ ስለሚመስሉ ዘንጎች፥ ሌሎቹ ሾጠጥ ስለሚሉ ሾጣጦች ይባላሉ። ዘንጎች በደብዛዛ ብርሃን፥ ሾጣጦች በቀን ብርሃንና ቀለምን በመለየት ያገለግላሉ። የሁለቱም ጫፍ ወደ ጥቁሩ ንብርብር ያመለክታል። ከጥቁሩ ንብርብር በስተ ጀርባ ደግሞ ኮሮይድ የሚባለው፥ የደም ሥር የበዛበት ሽፋን ይገኛል።

ብርሃን ተቀባዮቹ ባሉበት ረድፍ ውስጥ አንድም የደም ሥር አይገባም። ስለዚህ ከኮሮይድ የሚመጣው ምግብ ሁሉ ወደ እነርሱ ለመድረስ በጥቁሩ ንብርብር ውስጥ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። የንብርብሩም ሕዋሳት እርስ በርሳቸው በጥብቅ ስለ ተያያዙ በመካከላቸው ሾልኮ የሚያልፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያልፈው ሁሉ ሕዋሱ መርጦ የሚያሳልፈው ነው። ነገሩ ዕቃ ሁሉ ተፈትሾ ከሚያልፍበት ኬላ ጋር ይመሳሰላል። በአንድ የሰው ዓይን ውስጥ ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁር ሕዋሳት ሲኖሩ፥ ብርሃን ተቀባዮቹ ግን ከ90 ሚሊዮን ይበልጣሉ። እንግዲህ አንዱ ጥቁር ሕዋስ በአማካይ ከ25 የሚበልጡ ብርሃን ተቀባዮችን ያገለግላል ማለት ነው።

ከሮማ እስከ ሃይደልበርግ

በ1876 ፍራንስ ቦል የተባለ ወጣት የጀርመን ሊቅ በሮማ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ቦል በጨለማ የቈየችውን እንቍራሪት ዓይን ከፍቶ ሬቲናዋን ሲመለከት ቀይ ሆኖ አገኘው፤ ብርሃን ባገኘውም ጊዜ ቀዩ ቀለም ደብዝዞ ጠፋ። ይህን ቀለም ብርሃን በሕይወት ባለ ዓይን ውስጥ እንደሚያጠፋው፥ ጨለማም እንደሚመልሰው ተረዳ። ማየት በኬሚካዊ ለውጥ እንደሚጀምር ያመለከተ ታላቅ ግኝት ነበር። ነገር ግን ቦል በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በ1879 ገና በ30 ዓመቱ ሞተ።

የቦልን ወሬ ሰምቶ ወዲያው ሥራውን የጀመረው በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቪልሄልም ኪዩኔ ነው። ኪዩኔ በ1877 እና በ1878 ቀለሙን ከሬቲና ውስጥ ለይቶ በፈሳሽ አወጣው፤ ባሕርዩንም መረመረ። ቀለሙ ቶሎ እንዳይጠፋበትም ከሶዲየም ነበልባል በሚወጣ ቢጫ ብርሃን ይሠራ ነበር። ይኸው ቀለም ዛሬ ሮዶፕሲን ይባላል።

ለጕዳያችን እጅግ የሚጠቅመው ግን ሌላው ፈተናው ነው። ኪዩኔ የእንቍራሪትን ሬቲና ከጥቁሩ ንብርብር ላይ ላጥ አድርጎ ለብርሃን አጋለጠው፤ ቀለሙም ጠፋ። ሬቲናውን ለብቻው በጨለማ ሲያቈየው ቀለሙ እንደሚገባ አልተመለሰም። መልሶ በጥቁሩ ንብርብር ላይ ባስተኛው ጊዜ ግን ቀለሙ እንደ ገና ወጣ። ከዚህ የተነሣ ቀለሙን የሚያድስ አንድ ነገር ከጥቁሩ ንብርብር ወደ ሬቲና እንደሚሻገር ተገነዘበ። ንብርብሩ መጋረጃ ብቻ አለመሆኑን በፈተና ያስመሰከረው እንግዲህ ይህ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የሕዝቡን ጆሮ የሳበው ይህ አልነበረም። ኪዩኔ አንዲትን ጥንቸል በብረት ዘንግ ወደ ተከፋፈለ መስኮት አዙሮ ካቈያት በኋላ ሬቲናዋን በመድኃኒት ቢያደርቀው የመስኮቱ ምስል በላዩ ታትሞ ተገኘ። ከዚህም የተነሣ በሟች ዓይን ውስጥ የገዳዩ መልክ ይገኛል የሚል ወሬ በጋዜጣና በልብ ወለድ ተዛመተ። ብዙ ሰው የወደደው ሥዕሉን ነው፤ ሥዕሉን ያሳየው ቀለም ከየት እንደሚታደስ የጠየቀው ግን ጥቂት ነበር። በሌላም በኩል የሚሻገረው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚያስችል ኬሚስትሪ በዚያን ጊዜ ገና አልነበረም።

የሚሻገረው ነገር ታወቀ

ሲመሽ ማየት የሚከለክለው፥ በአገራችን ዳፍንት የሚባለው ሕመም በብዙ አገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ጉበት መብላት እንደሚያድነውም የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ጽፈዋል። ጉበት ለምን እንደሚያድን ግን እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ የሚያስረዳ አልነበረም።

በ1913 በአሜሪካ በስብ ውስጥ የሚገኝ፥ ለእንስሳት ዕድገት አስፈላጊ የሆነ ነገር መኖሩ ታወቀ፤ በኋላም ቪታሚን ኤ ተባለ። በ1925 ፍሪደሪቺያና ሆልም የተባሉ የዴንማርክ መርማሪዎች ቪታሚን ኤ በተከለከሉ አይጦች ዓይን ውስጥ የእይታው ቀለም ብርሃን ካጠፋው በኋላ ለመመለስ እንደሚዘገይ አሳዩ። በ1933 ደግሞ ጆርጅ ዋልድ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በበርሊን በኦቶ ዋርቡርግ ላቦራቶሪ ሲሠራ ቪታሚን ኤን ራሱን በሬቲና ውስጥ አገኘው። ቪታሚኑ መሆኑም በዙሪክ በፖል ካረር ላቦራቶሪ ተረጋገጠ። በዚያው ዓመት ሂትለር ሥልጣን ስለ ያዘ፥ የአይሁድ ወገን የሆነው ዋልድ ወደ አገሩ ተመልሶ ምርመራውን ቀጠለ፤ በ1967 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሊቃውንትም አንዱ ሆነ።

ዋልድና ረዳቶቹ እንዳስረዱት፥ በሮዶፕሲን ውስጥ ከቪታሚን ኤ የተሠራ አንድ ጐባጣ ሞለኪውል አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ሞለኪውሉ ይቃናል፤ የማየት ሥራም በዚህ ይጀመራል። ከተቃና በኋላ ግን ዳግመኛ ብርሃን ለመቀበል እንደ ገና መጕበጥ አለበት። በ1960 የዋልድ ተማሪ የነበረው ጆን ዳውሊንግ በአይጥ ዓይን ውስጥ ቪታሚን ኤ በየስፍራው ምን ያህል እንደሚገኝ ለካ። አይጦቹ በብርሃን በቈዩ ጊዜ ቪታሚኑ ከሬቲና ወጥቶ በጥቁሩ ንብርብር ውስጥ ተከማቸ፤ ወደ ጨለማ በተመለሱ ጊዜም ከጥቁሩ ንብርብር ወጥቶ ወደ ሬቲና ተመለሰ። ኪዩኔ ከ80 ዓመት በላይ አስቀድሞ የጠረጠረው መሻገር በቍጥር ተረጋገጠ። ዘንጉ የተቃናውን ሞለኪውል ለብቻው ሊያጐብጠው አይችልም፤ ወደ ጥቁሩ ሕዋስ ይልካል፥ ተጠግኖም ይመለስለታል።

ያረጀውን ማን ያነሣል?

እስካሁን የተናገርነው ወደ ሬቲና ስለሚገባው ነገር ነው። ስለሚወጣውስ? ይህ ጥያቄ መልስ ያገኘው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ለምርመራ ከዋሉ በኋላ ነው። በ1950 ገደማ ስዊድናዊው ፍሪቲዮፍ ሾስትራንድ የዘንጉ የውጭ ጫፍ ዲስክ በሚባሉ እጅግ ስስ በሆኑ ክብ ነገሮች የተሞላ መሆኑን አሳየ። ዲስኮቹ በመሶብ እንደ ተደራረበ እንጀራ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው ይገኛሉ።

በ1967 በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ሪቻርድ ያንግ ፕሮቲን የሚሠራበትን ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ለአይጦችና ለእንቍራሪቶች ሰጠ። ከዚያም በየቀኑ ሬቲናቸውን እየመረመረ ምልክቱ የት እንደ ደረሰ ተከታተለ። ምልክቱ በመጀመሪያ በዲስኮቹ ክምር ሥር እንደ ቀጭን መስመር ታየ፤ ከዚያም ቀን በቀን ወደ ጫፉ ተጓዘ፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጠፋ። በአይጥ ላይ ጕዞው 10 ቀን ያህል ፈጀ። ከዚህ የተረዳነው፥ ክምሩ እንደ ተሠራ የሚኖር ሳይሆን ከሥር አዲስ እየተጨመረ ከጫፍ አሮጌው የሚወገድ መሆኑን ነው።

ከጫፍ የጠፋው ወዴት ሄደ? በ1969 ያንግና ዲን ቦክ በእንቍራሪት ዓይን ላይ ባደረጉት ክትትል፥ ከዘንጉ ጫፍ የጠፋው ምልክት በጥቁሩ ሕዋስ ሆድ ውስጥ ተገኘ። ጥቁሩ ሕዋስ ያረጁትን ዲስኮች ቈርጦ ይውጣል፤ ውጦም ይፈጫቸዋል። ያንግ በ1971 በጦጣ ላይ ባወጣው ጥናት እያንዳንዱ ዘንግ በቀን ከ80 እስከ 90 የሚሆን ዲስክ እንደሚሠራ፥ አንዱ ጥቁር ሕዋስም በቀን ከ2000 እስከ 4000 ዲስክ እንደሚያነሣ ገለጸ። በ1976 ማቲው ላቬይል በአይጥ እንዳሳየው ደግሞ ይህ ጽዳት ዘወትር በእኩል ፍጥነት የሚካሄድ አይደለም፤ በተለይ የሚበረታው ጧት ብርሃን ከታየ ጥቂት ቈይቶ ነው።

በዚያው ዘመን የንብርብሩ ሌሎች ተግባሮችም ተገለጹ። በ1976 ቦክና ዮራም ሄለር በጥቁሩ ሕዋስ የኋላ ገጽ፥ ይኸውም ወደ ኮሮይድ በሚያመለክተው በኩል፥ ቪታሚን ኤን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚመጣውን ፕሮቲን የሚቀበል ስፍራ እንዳለ አሳዩ። በ1970ዎቹ ሮይ ስታይንበርግ፥ ሼልደን ሚለርና ባልደረቦቻቸው ጥቁሩ ሕዋስ ሶዲየም፥ ፖታሲየምና ሌሎች ጨዎችን በሁለቱ ገጾቹ እንዴት እንደሚያስገባና እንደሚያስወጣ በኤሌክትሪክ መለኪያ አጠኑ። ከጨዎቹ ጋር ውሃውም ከሬቲና ወደ ኮሮይድ ስለሚሳብ፥ ሬቲና ውሃ ቋጥሮ ከስፍራው እንዳይላቀቅ ይረዳል።

የታመሙት አይጦች ምስክርነት

ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ነው። በ1938 ቦርን፥ ካምቤልና ታንዝሊ የተባሉ የእንግሊዝ አገር መርማሪዎች ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳታቸው በዘር ወራሽ ሕመም የሚጠፋባቸውን አይጦች ገለጹ። በ1962 ዳውሊንግና ሪቻርድ ሲድማን እነዚህን አይጦች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፥ በዘንጎቹና በጥቁሩ ንብርብር መካከል እንደ ቅጠል የተነባበረ ነገር ተከማችቶ አገኙ፤ የሮዶፕሲኑም መጠን ከሚገባው በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ የዲስኮች መታደስ ገና አልታወቀም ነበርና፥ ዘንጎቹ ከመጠን በላይ እያመረቱ ነው ብለው ተረጐሙት።

የተመለከቱት ነገር እውነት ነበር፤ ትርጓሜው ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ተለወጠ። በ1969 ዊልያም ሄሮንና ባልደረቦቹ የያንግን ዘዴ በነዚሁ አይጦች ላይ ሞክረው ክምሩ ሳይነሣ የቀረ ጥራጊ መሆኑን አሳዩ። በደጃፍ የተከማቸ ጥራጊ ሲታይ ባለቤቱ አብዝቶ ይጥላል ማለት ይቻላል፤ ጠራጊው ቀርቷል ማለትም ይቻላል። ክምሩን ብቻ በማየት ሁለቱን ለመለየት አይቻልም።

ጕዳዩን የቈረጠው በ1976 ሪቻርድ ማለንና ላቬይል ያደረጉት ፈተና ነው። እነርሱም የታመመውን ዘርና የጤነኛውን ዘር ገና በጽንስ ሳሉ አደባልቀው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ዓይን ውስጥ ጐን ለጐን የሚገኙባቸውን አይጦች አሳደጉ። የሁለቱ ወገን የንብርብር ሕዋሳት በቀለማቸው ስለሚለያዩ የትኛው የማን እንደ ሆነ ለመለየት ተቻለ። ውጤቱም እንዲህ ሆነ፤ ከታመመው ዘር የንብርብር ሕዋስ ፊት ለፊት የነበሩት ብርሃን ተቀባዮች ጠፉ፤ ከጤነኛው ፊት ለፊት የነበሩት ግን ዳኑ። እንግዲህ የሞቱት ብርሃን ተቀባዮች ናቸው፤ በሽታው ግን በውስጣቸው አልነበረም። በ2000 የጐደለው ጂን ሜርቲኬ የተባለው መሆኑ ታወቀ፤ በዚያው ዓመትም የዚሁ ጂን ብልሽት ሬቲናቸው በዘር ወራሽ ሕመም በሚጠፋባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ተገኘ።

ከምርመራ ወደ ሕክምና

ቪታሚን ኤን መልሶ የማጐበጡ ሥራ በምን እንደሚከናወን የታወቀውም በዚህ ዓይነት ደረጃ በደረጃ ነው። በ1993 በጥቁሩ ንብርብር ውስጥ በብዛት የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ተለይቶ አር ፒ ኢ 65 ተባለ። በ1997 የዚህ ፕሮቲን ጂን የተበላሸባቸው ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ማየት እንደሚሳናቸው ታወቀ። በ1998 ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦች ጐባጣውን ሞለኪውል ፈጽሞ ማዘጋጀት እንደማይችሉ ታየ፤ በ2005 ደግሞ የማጐበጡን ሥራ የሚሠራው ራሱ ይህ ፕሮቲን መሆኑን ሦስት የመርማሪዎች ቡድኖች አረጋገጡ።

በነዚህ ልጆች ዓይን ውስጥ ብርሃን ተቀባዮቹ ለጥቂት ዓመታት በሕይወት ይቈያሉ፤ የሚያጡት የሚቀርብላቸውን ነገር ነው። ስለዚህ ጤነኛውን ጂን በቫይረስ አሳፍሮ ከሬቲና ሥር ወደ ጥቁሩ ሕዋስ ማስገባት ታሰበ። በ2001 ይህ ሕክምና እንዲሁ ዓይነት ሕመም በነበራቸው ውሾች ላይ ተሳካ፤ በ2008 በለንደንና በፊላደልፊያ በሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት ታተመ፤ በታኅሣሥ 2017 የአሜሪካ መንግሥት ሉክስተርና የተባለውን ይህን መድኃኒት ፈቀደ። ሐኪሞቹ ጂኑን ያስገቡት በሚያየው ሕዋስ ውስጥ ሳይሆን በአገልጋዩ ውስጥ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

መደምደሚያ

ከላይ የተተረከውን በአንድነት ስንመለከት፥ ማየት በአንድ መንገድ ላይ የተመሠረተ መሆኑን እንረዳለን። መንገዱ ከጉበት ተነሥቶ በደም በኩል ወደ ጥቁሩ ንብርብር፥ ከዚያም ወደ ብርሃን ተቀባዮች ይደርሳል፤ ጥራጊውም በዚያው ንብርብር ይመለሳል። መንገዱ በሦስት ስፍራ ሊቈረጥ እንደሚችል አይተናል። ምንጩ ሲደርቅ፥ ይኸውም ከምግብ ቪታሚን ኤ ሲጐድል፥ ዳፍንት ይመጣል። በመካከል ያለው የጥገና ሥራ ሲቆም አር ፒ ኢ 65 የጐደላቸው ልጆች ሕመም ይመጣል። የጥራጊው መውጫ ሲዘጋም የነዚያ አይጦች ሕመም ይመጣል። በሦስቱም ላይ ዓይን ማየት ያቆማል፤ በሦስቱም ላይ የጥፋቱ መነሻ ብርሃን የሚቀበለው ሕዋስ አይደለም።

ከኪዩኔ ፈተና እስከ ያንግና ቦክ ጽሑፍ ድረስ 90 ዓመት ያህል ማለፉ በከፊል የመሣሪያ ጕድለት ነው። በከፊል ግን የስም ጕዳይ ይመስለናል። አንድን ነገር ድጋፍ ወይም መጋረጃ ብለው ከሰየሙት በኋላ፥ ሌላ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይቀንሳል። በዳውሊንግና በሲድማን ላይ እንደ ታየው፥ እጅግ የተጠነቀቀ መርማሪ እንኳ ክምሩን ሲያይ ስለ አምራቹ እንጂ ስለ አንሺው ለማሰብ ይዘገያል።

የሚቀረው ጕዳይ የምርመራ ብቻ አይደለም። ሉክስተርና በወጣ ጊዜ ለሁለት ዓይን የተቈረጠለት ዋጋ 850,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ የሚጠቅመውም ያን አንድ ጂን ላጡት ጥቂት ሰዎች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙ ዓመታት ሲጠቅሰው በቈየው ግምት ደግሞ ከ250,000 እስከ 500,000 የሚሆኑ ሕፃናት ቪታሚን ኤ በማጣት በየዓመቱ ይታወሩ ነበር፤ ከእነርሱም እኩሌታው ዓይናቸው በጠፋ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ለነዚህ ልጆች የሚያስፈልገው በየስድስት ወሩ የሚሰጥ፥ ዋጋው እጅግ አነስተኛ የሆነ ቪታሚን፥ ከዚያም በላይ ጐመን፥ ካሮት፥ ወተትና እንቍላል ያለበት ማዕድ ነው። ጥቁሩ ንብርብር የተሰጠውን ሁሉ በታማኝነት ያደርሳል፤ ያልተሰጠውን ግን ሊያደርስ አይችልም። የመንገዱን የመጀመሪያ ክፍል፥ ይኸውም ከእርሻ እስከ ሕፃኑ ማዕድ ያለውን መጓጓዝ የማሟላቱ ኃላፊነት የተማረው ክፍልና የመንግሥታት ነው።